ለመንታዋ የተነገረ መርዶ

ጋሽ ሮቤል ሲሞት መርዶው መጀመሪያ የተነገረው ለልጁ ለሶልያና ሳይሆን ለመንታዋ ነው። መንታዋ ሰማች፤ ትንሽ ቆየች፤ ሞተች። በማግስቱ ደግመው ነገሯት። ደግማ ሞተች።

መንታ ያልናት ከአንድ ማህፀን የወጣች እህቷን አይደለም። ሶልያና ስትወለድ ልቧ ግማሽ ነበር፤ በልጅነቷ በተደጋጋሚ ቀዶ ጥገና እንደምንም ተጠግኗል። እንዲህ የተጠገነ ሰው ሁሉ ሆስፒታሉ ማሽን ውስጥ አንድ ቅጂ አለው። ቅጂው ደም በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚፈጥንና የት እንደሚያንቀላፋ እያሰላ፣ ቀኑን ከባለቤቱ ቀድሞ ይውላል። የወረቀት ስሙ ረጅም ነው። ድሬዳዋ ረጅም ስም አትወድምና መንታ አለችው።

ስለዚህ ሶልያና ጠዋት ከአልጋዋ ሳትወርድ መንታዋ ዛሬን ኖራ ጨርሳለች። ውጤቱ አምባሯ ላይ ይመጣል፦ «ደረጃ፤ በዝግታ ይፈቀዳል። ፈጢራ፤ ግማሽ። ክርክር፤ አይፈቀድም።» አክስቷ ሜሮን ይህቺን የመጨረሻዋን በጣም ትወዳታለች፤ ክርክር በማይፈቀድበት ቀን እየመጣች የልቧን ትናገራለች። አምና የጎረቤት ሰርግ ላይ መንታዋ ቀድማ ጨፍራ ስለደከማት ሶልያና ተቀምጣ አጨብጭባ ተመለሰች። ሥራዋ ባቡር ጣቢያ ነው፤ የሚመጣውንና የሚሄደውን ባቡር በድምፅ ማጉያ ትናገራለች። ድምፅ ማጉያ ያለው ሰው መጮህ የለበትም፤ መንታዋ ሥራውን የፈቀደችላትም ለዚህ ነው።

ወንድሟ ናሆም ማቀዝቀዣ ይጠግናል። በሁለት ሺህ ሰባዎቹ ድሬዳዋ ማቀዝቀዣ የሚጠግን ሰው ከቄስም ከሼህም በላይ ይከበራል፤ ይከበራል ስንል ግን «አንተ! የታለህ?» እየተባለ ነው። ድሬ አንቱታን ድሮም አልለመደችም፣ አሁንም አላማራትም። በሆስፒታሉ መዝገብ የእህቱ ተጠሪ እሱ ነው፤ መንታዋ በሞተች ቁጥር ስልኩ ላይ ደወል የሚጮኸውም ለሱ ነው።

ሕጉ ግልጽ ነው። መንታ ላለው ሰው መርዶ ከመነገሩ በፊት ለመንታው ተነግሮ መታየት አለበት። መንታው ከቆመ ፈቃድ የለም። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ጥሩ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ እድር ግን አያውቁም።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ያቤፅ መርዶ በመንገር የታወቀ ሰው ነው። ሰዎች አልቅሰው ሲያበቁ እንኳ «እንዴት አድርጎ ነገረን!» ይሉለታል። እሱም ሲጠየቅ «በእጄ አንድም ሰው አልሞተብኝም፣ ከሟቹ በስተቀር» ይላል። እና አንዲት የማሽን ልጅ በእጁ ስትሞትበት ጊዜ ስሙ ላይ እንደተተፋ ቆጠረው። ሆስፒታል ድረስ ሄዶ ማይክራፎኑን ተቀበለና እየከፋፈለ ይነግራት ጀመር፤ መጀመሪያ አባትሽን ትንሽ አሞታል፣ ቀጥሎ ጠንቶበታል፣ ከዚያ በኋላ እንግዲህ የእግዜር ፈቃድ። መንታዋ ጠንቶበታል ላይ ሞተች። ሌላ ቀን የኢዮብን ታሪክ አስቀደመ። ኢዮብ ገና ከብቶቹን ሳይጨርስ ሞተች። አስተኝተው ነገሯት፣ አብልተው ነገሯት፣ በጠዋት ብርድ ነገሯት። ጋሽ ያቤፅ ማይክራፎኑን አስቀምጦ «ይቺ ልጅ ሞት ለምዶባታል» አለ።

ሶልያና በዚህ ሁሉ መሃል አባቷ ጠበል ሄዷል ተብላለች። ሀገሪቱ ብዙ ነገር ቀይራለች፤ ሰው ሲሞት ጠበል መላክን ግን አልተወችም። ደግሞ ጠበል ስልክ አይገባም።

ቀብሩ በድብቅ ሆነ። ድንኳኑ ለቅሶው እንዳይሰማ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ አክስታቸው ግቢ ተተከለ። ናሆም ከሰዓት በኋላ ከተማው በሙቀት ተሸንፎ ሲተኛ የደረቀውን የወንዝ አሸዋ ተሻግሮ ድንኳን ይገባል፤ ጥቁር ኮት ደርቦ ይቀመጣል፤ እግዜር ያጥናህ ይባላል። ከዚያ ኮቱን አውልቆ፣ አሸዋውን መልሶ ተሻግሮ፣ ቤቱ ገብቶ ሽርጡን ያገለድምና «ሶሊ፣ እራት ምንድነው?» ይላል። አላለቀሰም። ዓይን ካበጠ ይታወቃል። አንድ ጊዜ ማቀዝቀዣ ውስጥ ጭንቅላቱን ከቶ ሊያለቅስ ሞከረ፤ የማቀዝቀዣው ባለቤት «ምን አገኘህበት?» ስትለው «ጋዝ ነው» ብሎ ወጣ።

አክስት ሜሮን ደግሞ ወደ ሶልያና ስትመጣ ከአጥር ውጭ ጥቁሩን አውልቃ ቢጫ ቀሚስ ትለብሳለች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሲያያት ፊቱን ያዞርላታል። እድሜ ልኳን እንደዚያ ሰሞን ቢጫ ለብሳ አታውቅም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ አምባሩ መክፋት ጀመረ። «ደረጃ፤ አይፈቀድም።» ቀጥሎ፦ «ሥራ፤ አይፈቀድም።» ቤተሰቡ «አየህ? ሳትሰማ እንዲህ የሆነች ብትሰማ ምን ልትሆን ነው!» እያለ አፉን የበለጠ ዘጋ። አርባው እየመጣ ነው፤ ሴት ልጁ የሌለችበት ተዝካር እንዴት ይወጣል? ናሆም ምግብ አልበላለት አለ። አባቱን ቀብሯል፤ እህቱንም እየቀበረ መሰለው። ሐያት የደወለችለት ያኔ ነው።

ሐያት የመንታዎች ሐኪም ናት። ሥጋና ደም ያለው በሽተኛ ነክታ አታውቅም፤ ቀኑን ሙሉ ሰማያዊና ቀይ ደም በማሽኗ መስታወት ላይ ሲፈስ ታያለች። ናሆም ሲገባ ወንበር እንኳ ሳትሰጠው መስታወቱን አዞረችለት።

«ይሄ መንታዋ መርዶ ስትሰማ ነው» አለች። ከታች የሚመጣው ሰማያዊ ጅረት ደረት ስር ደርሶ ቆሟል፤ እንደ በጋ ደቻቱ።

«አይቼዋለሁ። ለምን ታሳይኛለሽ?»

«ይሄስ?»

ያው ነው። ያው ጅረት፣ ያው ቦታ ላይ ቆሟል፤ ትንሽ ቆይቶ እየተጎተተ ይሄዳል፣ እንደገና ይቆማል።

«ያው መንታዋ ናት።»

«አይደለችም። ይሄ ከአምባሯ የመጣ ነው። እህትህ ናት፤ ትናንት ከሰዓት።»

«ትናንት ከሰዓት ተኝታ ነበር። በሯ ዝግ ነበር።»

«አልተኛችም። ትንፋሿን ይዛለች።» ሐያት ወደ ወንበሯ ተመለሰች። «ስማኝ ናሆም። የእህትህ ደም ወደ ሳንባ የሚሄደው ልብ ገፍቶት አይደለም። ቀዶ ጠጋኞቹ የደም ስሩን ቀጥታ ሳንባው ላይ ነው የሰፉት። አየር ስትስብ ደሙንም ትስበዋለች። ትንፋሽ ስትይዝ ይቆማል። በቃ።»

«እሺ፣ መንታዋስ መርዶ ስትሰማ ለምን ትንፋሽ ትይዛለች?»

«ሌላ ለቅሶ ስለማታውቅ።»

ሐያት የድሮ ቪዲዮ ከፈተች። መንታዋ የተሠራች ሰሞን የተቀረጸ ነው። ሶልያናን ሮጠሽ አሳዪን፣ ተኝተሽ አሳዪን፣ ስቀሽ አሳዪን ብለዋት ነበር። መጨረሻ ላይ፣ የሚያሳዝን ነገር አስቢና አልቅሺ አሏት። ናሆም ቀኑን ያስታውሰዋል። አክስት ሜሮን በር ላይ «አደራ፣ ሰው ፊት እንዳትጮኺ! የማን ልጅ ናት እንዳይሉ!» ብላ ነበር ያስገባቻት። ሶልያናም ነጭ ጋውን በለበሱ ሰዎች ፊት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ነክሳ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ድምፅ ሳታሰማ እንባዋን አወረደች። የጨዋ ልጅ ለቅሶ። ናሆም ያኔ ኮርቶባት ነበር። ማሽኑ ግን የእንግዳ ፊት ለቅሶና የድንኳን ለቅሶ እንደሚለያዩ ማን ይንገረው? ሶልያና ስታለቅስ እንዲህ ናት ብሎ ያዘ። ይኸው መርዶ በነገሯት ቁጥር መንታዋ በጨዋ ደንብ አፏን ይዛ ትሞታለች።

ናሆም ሳቁ መጣ። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

«ቆይ። እህቴ ታዲያ ትናንት ለምን…»

ሐያት ቪዲዮውን ዘጋች።

«ታውቃለች?»

«የአምባሯ መስመር መውረድ የጀመረው አባትህ የሞተ ዕለት ማታ ነው።»

ናሆም ያን ጊዜ ተቀመጠ፤ ወንበር ስላልነበረ ወለሉ ላይ።

«መንታዋን ሌላ ለቅሶ ማስተማር አይቻልም?»

«ይቻላል፤ ከእህትህ ከመጣ። የሌላ ሰው ለቅሶ አልሰፋባትም። እስከዚያ ግን ፈቃድ የለም፣ እኔም መፍቀድ አልችልም።» ቀጥላም ጨመረች፦ «በዚህ አያያዟ ደግሞ ብዙ አትቆይም። ይሄን እንደ ሐኪም አይደለም የምነግርህ።»

ሶልያና በረንዳ ላይ እግሯን ሳፋ ውሃ ውስጥ ከትታ ተቀምጣ ነበር። ናሆም አጠገቧ ተቀመጠ። መንገድ ላይ ያሰናዳው ንግግር ነበረው።

«ሶሊ… አባዬ…»

«ጠበል ነው» አለች፣ ሳታስጨርሰው።

«ታውቂያለሽ።»

ሳፋው ውስጥ ያለው እግሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

«ማን ነገረሽ?»

«እናንተ ናችኋ! ድሬ በሙሉ ሰሞኑን ጨዋ ሆነ። ቲማቲም ሻጩ አብዱ እኔን ‹እንደምን አደሩ› አለኝ። አደሩ! ድሬ ውስጥ ሰው ካልሞተ አንቱ የሚል አለ? እትዬ ሜሮን ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቀን አልሰደበችኝም። ቀሚሷንም በግልብጥ ለብሳ መጣች። ደግሞ ትንሽ አታፍሩም? አባዬን ጠበል! ካፊያ ሲመጣ አልጋ ስር የሚገባ ሰው!»

«ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?»

«አልነገራችሁኝማ።» ድምፅዋ ባቡር ስትጠራ እንደምታደርገው ረጋ ያለ ነበር። «ካልነገራችሁኝ ጠበል ነው ናሆም። ስልክ አይገባም፣ ግን ይመለሳል። ድምፄን ከፍ አድርጌ ካለቀስኩ ትሰማኛለህ። ከሰማኸኝ አለቀ፤ ሞተ ማለት ነው። ብቻዬን አውቄ ብቻዬን ላውጀው?»

ናሆም ጫማውን አውልቆ እግሩን ከእግሯ አጠገብ ሳፋው ውስጥ ከተተ። ከዚህ ቀደም እንዲህ አዝኖላት አያውቅም፤ በራሱም እንዲህ አፍሮ አያውቅም። በአንድ ጣሪያ ስር ሆነው፣ እሱ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ እሷ ትራስ ውስጥ፣ አንድ አባት ሲደብቁ ከርመዋል።

«ከፈለጋችሁ እንደ ሰው ንገሩኝ» አለች። «በጠዋት ኑ። ሰው ይምጣ፣ ጋሽ ያቤፅ ይምጣ። እኔም ‹ምነው በጠዋት?› እላለሁ።»

«እያወቅሽ?»

«እደነግጣለሁ። ግድ የለህም።»

ጋሽ ያቤፅ ነገሩን ሲሰማ ፈቃድ የለም አለ። ናሆም ተጠሪዋ እኔ ነኝ፣ በኔ ይሁን አለው።

«ብትሞትብኝስ? እኔ እኮ በእጄ አንድም ሰው…»

«ከሟቹ በስተቀር፤ እናውቃለን። ጋሼ፣ አንተ ካልነገርካትም ትሞታለች። ቀስ ብላ፣ ትራስ ነክሳ። የቱ ይሻልሃል?»

ጋሽ ያቤፅ ፂሙን ሲያፍተለትል ቆየና «ኢዮብን ላሳጥረው እችላለሁ» አለ።

ጎህ ሲቀድ ጥቁር የለበሰ ብዙ ሰው ደቻቱን ተሻገረ። ሐያት ማሽኗን በቦርሳ ይዛ ከኋላ መጣች፤ ስላልፈቀደች እንደ ጎረቤት ነው የመጣሁት ብላ ለሁሉም ተናግራለች። አክስት ሜሮን አጥሩ ጋ ስትደርስ ከልማድ የተነሳ ጥቁሩን አውልቃ ቢጫውን ለበሰች፤ የሆነውን ሳታስተውል ከሁሉም ፊት ቆመች።

ሶልያና በሩን ከፈተች። ፀጉሯን አበጥራለች፣ ነጠላዋን አጣፍታለች።

«ምነው በጠዋት?» አለች፣ የጠዋቱን ባቡር የምትጠራ እንጂ የምትደነግጥ አትመስልም።

«በዖፅ ምድር ኢዮብ የሚባል ሰው ነበረ…» አለ ጋሽ ያቤፅ።

«ጋሼ፣ ኢዮብን ዝለለው።»

ጋሽ ያቤፅ አፉ ተከፍቶ ቀረ። ንግግሩን የሠራው በሙሉ ኢዮብ ላይ ነበር። ከዚያ ዕድሜ ልኩን ተናግሮት በማያውቅ አኳኋን፣ ምንም ሳይደርብበት፣ «አባትሽ ሮቤል ሞተ ልጄ» አለ።

ማወቅና መስማት ግን አንድ አይደሉም። ሶልያና ራሷም ይህን የጠበቀችው አይመስልም። በቆመችበት ቀረች። እጇ በራሱ ጊዜ ነጠላዋን ይዞ ወጣና አፏ ላይ ገጠመ። እንባዋ ወረደ፤ ድምፅ የለም። አክስት ሜሮን «አይዞሽ፣ ጨዋዋ» አለች። አምባሩ ቀላ።

«ትንፋሽ!» አለች ሐያት ከኋላ። «ትንፋሿን ይዛለች! ነጠላውን ከአፏ አንሱት!»

ማን ያንሳው? ሰዉ ውሃ አምጡ፣ አየር ስጧት እያለ የበለጠ ከበባት። ከንፈሯ ጠቆረ። ጋሽ ያቤፅ ዓይኑን ጨፈነ።

ናሆምን አባቱ ትዝ አለው። ሶልያና ከመጨረሻው ቀዶ ጥገና የወጣች ጊዜ ሐኪሙ ለጋሽ ሮቤል «ትጩህ፣ ትዝፈን፤ ከእንግዲህ ልቧ ትንፋሿ ነው» ብሎት ነበር። ጋሽ ሮቤል የሐኪም ቃል አያባክንም። በየማታው ደቻቱ ዳር ያቆማትና «ማዶ ያሉትን ስደቢያቸው!» ይላታል። እሷም የስድስት ዓመት ሳንባዋን ሞልታ «እናንተ ቀርፋፎች!» ትላለች። ማዶ ያለው ሰፈር መጀመሪያ ተቆጣ፣ በኋላ ነገሩ ሲገባው ቆሞ ይመልስላት ጀመር። መንታዋ መጥታ ጩኸት አይፈቀድም እስክትል ድረስ ሁለት ሰፈር ለአንዲት ልጅ ጤና ሲሰዳደብ ኖሯል።

ናሆም ጩኺ ሊላት አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማቀዝቀዣ ለማቀዝቀዣ ይዞት የዞረው ነገር በአንድ ጊዜ ወጣ፤ አስቀያሚ፣ የተቆራረጠ፣ የቀትር አህያ ድምፅ። ሰው ሁሉ ወደሱ ዞረ። አንዱ ሕፃን ደንግጦ እናቱን ያዘ።

ሶልያናም ከነጠላዋ በላይ አየችው። እህት ናትና ሳቅ ከአፏ አመለጣት። ነጠላው ወረደ። አየር ገባ። ተመልሶ የወጣው ሳቅ አልነበረም።

«አባዬ!» አለች። ድምፅ ማጉያ የለም፤ ጣቢያው ድረስ ይሰማል። «አባዬ! አንተ ቀርፋፋ! አንተ ውሸታም! ጠበል ነኝ ትለኛለህ!»

እየሳበች ለቀቀችው፣ እየሳበች ለቀቀችው። ናሆም አቅፏት ቁጭ አለ፤ ሁለቱም መሬት ላይ። ሴቶቹ ተቀበሏት። ከማዶ፣ ድንኳኑ ጋ የቀሩት ሰዎች ድምፅዋን ሰምተው አብረው ጮኹ፤ ደቻቱ ወዲህና ወዲያ በለቅሶ ተመላለሰ። ሐያት መስታወቷን ታቅፋ «ፈሰሰ! ኧረ ፈሰሰ!» ትላለች፤ እንደ ጎረቤት የመጣችው ልጅ ከሁሉም ብሳ ታለቅሳለች። አምባሩ መቅላቱን ከተወ ቆይቷል፤ ያየው ሰው ግን አልነበረም።

ፀሐይ ወጥታ ሰዉ ሲረጋጋ ድንኳኑ ወደ ትክክለኛው ግቢ ተዛወረ። ለቅሶ ደራሽ እየገባ «እቺ ባለ ቢጫዋ የማን ሰርገኛ ናት?» ይል ጀመር። አክስት ሜሮን ወደታች ራሷን አይታ «ወይኔ ሮቤል!» ብላ አዲስ ለቅሶ ከፈተች።

ሶልያና ድምፅዋ ተዘግቶ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ሐያት ጎንበስ ብላ፣ ለቅሶሽን ቀድቼዋለሁ፣ ለመንታሽ አስተምራታለሁ፣ ከዚያ እንደገና ትፈተናለች አለቻት።

«ማን ነው የሚነግራት?»

«ማሽኑ ራሱ። ቁልፍ ነው የሚጫነው።»

«እስካሁን ስንቴ ነገራችኋት?»

ጋሽ ያቤፅ ጫማውን ያይ ጀመር።

«ሁሉንም ጊዜ ሞተች?»

«ሁሉንም» አለ ናሆም።

«አብሯት ያለቀሰ ሰው ነበር?»

እዚህ ላይ ናሆም ሊስቅ ፈልጎ ነበር። ፊቷን ሲያይ ተወው።

«ምስኪን» አለች ሶልያና። «ብቻዋን።»

ከመርዶው ሣልስት በኋላ በማለዳ ሹፌር የሌላቸው ባጃጆች ተደርድረው ሆስፒታሉ በር ቆሙ። ዘበኛው ይህን ሁሉ ጥቁር ለባሽ አይቶ ማን ሞተ አለ። ጋሽ ያቤፅ ሮቤል አለው። ሐዘንተኛዋስ የት ናት ሲል ጋሽ ያቤፅ በጣቱ ወደ ማሽኑ ክፍል አመለከተ፤ በጣም ኮስተር ብሎ ስለነበረ ዘበኛው ባርኔጣውን አወለቀ። አክስት ሜሮን በመጨረሻ ጥቁር ለብሳለች።

ሐያት ወንበር አመጣች። ሶልያና መስታወቱ ፊት ተቀመጠች። ሰማያዊው ጅረት በዝግታ ይወርዳል፤ ገና ምንም አልሰማም። ከኋላዋ እድሩ ተጨናንቆ ቆሟል። ናሆም ትከሻዋን ይዟል።

«ነይ ስሚኝ» አለች ሶልያና፣ በተዘጋ ድምፅዋ። «አባታችን ሞተ።»

ጅረቱ ዘገየ። ደረት ስር ደርሶ ቆመ። ጋሽ ያቤፅ ከንፈሩን ነከሰ። ቆመ፤ አሁንም እንደቆመ ነው። ሶልያና ከወንበሯ ጎንበስ ብላ፣ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አድርጋ፣ ረጅም ትንፋሽ ሳበች፤ ለልጅ አጎራረስ እንደሚያሳዩት፣ ራሷ አስቀድማ። ጅረቱ ነቅነቅ አለ። ከዚያ እየተጎተተ ወጣ፣ ተመልሶ ወጣ፣ ሳንባውን ሞላው።

እድሩ አንድ ላይ ጮኸ። ዘበኛው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ እየሮጠ መጣ።

ሶልያና መስታወቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረገችው።

«እግዜር ያጥናሽ» አለቻት።